የልዕልት ቅጥያ

ብዙነሽ ቀኑን ሙሉ የምትውለው የሰው ሱሪ ስታሳጥር ነው። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባለችው በጋሽ ነጋ የልብስ ማስተካከያ ቤት ውስጥ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ የአካባቢውን፣ የብሩክሄቨንን፣ ሰው ግማሹን በስሙ ሳይሆን በወገቡና በእግሩ ርዝመት ነው የምታውቀው። የገዛ ልጆቿን ግን አንድም ቀን በሜትር ለክታቸው አታውቅም። እናቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ሰው ቁመቱ በሜትር የሚለካው ሳጥን ሲሠራለት ነው" ይሏት ነበር። ብዙነሽ እንዲህ ባለው ነገር አምናለሁም አላምንም ብላ አታውቅም። ብቻ ልጆቹን ክሊኒክ ስትወስድ፣ ነርሷ ግድግዳው ጋ ስታቆማቸው ዞር ብላ የዓሣውን ገንዳ ታያለች፤ የሚሰጧትንም ወረቀት ሳትገልጥ ከቦርሳዋ ታች ትከተዋለች። ዶክተሩ "ደህና ናቸው" ካላት ይበቃታል።

ልጆቿን የምትለካቸው በብርድ ልብሳቸው ነው።

ሁለቱም ልጆች፣ የቤተሰቡን አሮጌ ልብስ ቆራርጣና ገጣጥማ፣ መሐሉ ላይ ስስ ጥጥ አንጥፋ የሰፋችላቸው ብርድ ልብስ አላቸው። ልጆቹ "ኩዊልት" ይሉታል። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ የሳሎኑ ጠረጴዛ ወደ ግድግዳው ይገፋል፣ ብርድ ልብሶቹ ምንጣፉ ላይ ይዘረጋሉ፣ ልጆቹም በየተራ በጀርባቸው ይጋደማሉ፤ ጭንቅላት ከላይኛው ጠርዝ እኩል፣ እግር ቀጥ። ብዙነሽ ተንበርክካ ከተረከዛቸው እስከ ታችኛው ጠርዝ በስንዝሯ ትለካለች። አንድ ሙሉ ስንዝር መትረፍ አለበት፤ እግር የሚጠቀለለው በእሱ ነው። ከስንዝሩ የጎደለውን ያህል፣ ሁለት ጣትም ይሁን አራት፣ ልጁ በዚያ ዓመት ከጠበበው ልብስ ቆርጣ ከታች ትጨምራለች። በቤቱ "ቅጥያ" የሚባለው ይህ ነው። ልጆቹ ከእንቁጣጣሽ ስጦታ ሁሉ አስበልጠው የሚጠብቁት እሱን ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ያላደገ ቅጥያ የለውም። እስካሁን ያላደገ አልነበረምና በዚህ ደንብ ማንም ተጨንቆበት አያውቅም።

ዘንድሮ በመጀመሪያ የተጋደመው አቤኔዘር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ፍሪጅ ከፍቶ ሲቆም የከረመ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነውና ከስንዝሩ ግማሹን በልቶታል።

"በስመ አብ!" አለ አባቱ ፊልጶስ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ። "ይሄ ልጅ ብርድ ልብስ ሳይሆን ድንኳን ነው የሚያስፈልገው።"

"ስድስት ጣት" አለች ብዙነሽ፤ አቤኔዘርም ዋንጫ እንደበላ ሰው እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ቀጥላ ልዕልት ተኛች። ልዕልት ስምንት ዓመቷ ነው። ለዚህ ቀን ብላ ጠዋት ሁለት እንቁላል በልታለች፤ ፀጉሯንም አናቷ ላይ ልትቆልል ስትል ተይዛ ተፈትቶባታል። የእሷ ብርድ ልብስ ከወንድሟ ይለያል። የወንድሟ የጂንስና የወፍራም ሸሚዝ ቁራጭ ነው፤ የእሷን ግን አምና፣ ትንሿን አልጋ ለቃ ትልቁን ስትይዝ፣ "እንደ ድመት ለስላሳ ይሁን" ስላለች ብዙነሽ ሙሉ በሙሉ ከቲሸርት ገጣጥማ እንደ አዲስ ሰፍታላታለች።

"ስንት ነው? ማሚ፣ ስንት ነው?" አለች ዓይኗን ጨፍና።

ብዙነሽ ስንዝሯን ዘረጋች። አነሳችና ደግማ ዘረጋች። ስንዝሩ ሙሉ ነበር። ሙሉ መሆኑስ ይሁን፣ ከስንዝሩ አልፎ አንድ ጣት ተርፏል።

"እስቲ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ በይ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ጭንቅላቴ ሊወጣ ነው እኮ።"

"እሺ፣ ተመለሺ።"

"ስንት ነው?"

"ዘንድሮ... ዘንድሮ እንዳለ ይበቃሻል።"

አቤኔዘር ጎንበስ ብሎ አየ። "ዌይት። ተርፏል እኮ! አጠረች! ማሚ፣ ልዕልት አጠረች!"

"አቤኔዘር!"

"ምን ላድርግ? ላይክ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።"

ልዕልት ተነስታ ቁጭ አለች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግን ማልቀሱን ትታ ጣቷን ወደ ወንድሟ ቀሰረች። "እሱ ነው! እዚህ ተኝቼ ቲቪ ሳይ ተራምዶኝ ሄደ! ተመለስ ስለው አልተመለሰም!"

የተኛን ልጅ ተራምዶ ያለፈ ሰው በመጣበት ተመልሶ ካልተራመደ ልጁ ማደጉን እንደሚያቆም ለልዕልት ማን እንደነገራት አይታወቅም። ብዙነሽም በልጅነቷ ታምንበት ነበርና ለመሳቅ አልደፈረችም።

"ፒዛው መጥቶ ስለነበረ ነው" አለ አቤኔዘር።

"አሁን ተመለስ!"

"አሁን?"

"አሁኑኑ!" አለችና እንደገና ተጋደመች። አቤኔዘር እንደ ሽመላ እግሩን አንስቶ ተራመዳት። ለማስተማመኛ ብሎም ደገመ፤ ግን የደገመው ከወዲያኛው ጎን ነበርና "አበላሸኸው! እንደገና አበላሸኸው!" ብላ ጮኸች። ፊልጶስ ፊቱን በሶፋው ትራስ ሸፍኖ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ልዕልት ብርድ ልብሷን አጣጥፋ፣ ወንበር ላይ ቆማ የቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው፤ በምትኩም የእንግዳውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ኮምፎርተሩን፣ እየጎተተች ወረደች። "እስካድግ ድረስ አልለብሰውም" አለች።

ሰኞ ዕለት ብዙነሽ ሥራ ቦታ ሆና ሐሳቧ ግን ታከር ከተማ ካለው ቤቷ ነበር። ልጅቷ የምትበላው በቂ አልነበረም ማለት ነው? የምሳ ሳጥኗ ግማሹን ይዞ የሚመለስበት ቀን ብዙ ነው። እንቅልፏስ? አምና እንኳ ያደገ ልጅ እንዴት ቀጥ ብሎ ይቆማል?

"አንቺ ልጅ" አሉ ጋሽ ነጋ ከወዲያኛው የስፌት መኪና። "የሰውዬውን ሱሪ ቁምጣ ልታደርጊው ነው እኮ።"

ብዙነሽ ደንግጣ መቀሱን አስቀመጠች፤ የሆነውንም ነገረቻቸው። ጋሽ ነጋ ከንፈራቸው ላይ የደረደሩትን ስፒል አንድ በአንድ አውጥተው የስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰኩና ጠየቁ፤ "ለመሆኑ የአባቷ ቁመት ስንት ነበር?"

"ጋሽ ነጋ፣ እርስዎ ደግሞ!"

"አይ፣ የሰርጉን ሱሪ ያሳጠርኩለት እኔ ስለሆንኩ ነው። ከተረፈው ጨርቅ ሁለት ከረቫት ወጥቶልኛል።"

ብዙነሽ ሳትወድ ሳቀች።

"ይልቅ አንገትሽ ላይ ሜትር አለ" አሉ። "ለኪያትና ተገላገይ።"

"እሱ ለደንበኛ ነው። ልጆቼን በእሱ አልለካም።"

"እንግዲያው ዝም ብለሽ ሱሪሽን ስፊ።"

ማክሰኞ ማታ፣ ራት እየቀረበ ሳለ፣ ከልዕልት ክፍል ትልቅ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ሮጠው ሲገቡ የቁም ሳጥኑ የልብስ መስቀያ ብረት ከነልብሱ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ከልብሱ ክምር ሥር ሁለት ካልሲዎች ይንቀሳቀሳሉ። ፊልጶስ በብብቷ ይዞ አወጣት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየረዘምኩ" አለች። "ተንጠልጥዬ።"

አባትየው ሳቀ፣ ወንድሟም ሳቀ፣ በመጨረሻ እሷም አብራ ሳቀች። ብዙነሽ ግን ወደ ኩሽና ተመልሳ እቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፋ ቆመች። ፊልጶስ ተከትሏት ገባ።

"ብዙዬ፣ ሁለት ጣት ጨምሪላትና ይለፍ። ማን ያውቃል?"

"እሷ ታውቃለች። ተኝታበት ታያለች።"

ፊልጶስ አሰበ። ለዓመታት ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ አቋራጭ መፈለግ ተፈጥሮው ሆኗል። "እንግዲያው ከታች አትጨምሪ። ከመሐሉ አንድ መስመር አውጪለትና መልሰሽ ግጠሚው። ብርድ ልብሱ ያጥራል፤ 'ኑ እስቲ እንደገና እንለካ' እንላለን፤ ስንዝሩ ይጎድላል፤ አለቀ።"

"እኔ በልጄ ብርድ ልብስ ላይ ውሸት አልሰፋም።"

"መስፋት ማን አለሽ? መተርተር ነው ያልኩት።"

"ውጣልኝ" አለችው፤ ግን ሐሳቡ አብሮት አልወጣም።

ረቡዕ የእረፍት ቀኗ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ልጆቹ የትምህርት ቤት ባስ ላይ ከወጡ በኋላ ወንበር ላይ ቆማ ብርድ ልብሱን አወረደችው። መስኮቱ አጠገብ ካለችው የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና መተርተሪያዋን ያዘች። "ይቅር በለኝ" አለች፤ ማንን እንደሆነ ሳትወስን። ከመሐል አንድ መስመር መርጣ የጫፉን ስፌት ትተረትር ጀመር።

ክሩ አንድ ጣት ያህል እንደተፈታ ዓይኗ ከጎኑ ያለው ቁራጭ ላይ ዐረፈ። ቁራጩ የተወሰደው ከሰንበት ትምህርት ቤቱ የልጆች ኳስ ቡድን ቲሸርት ነው፤ መሐሉ ላይ ኳስ ታትሞበታል። ኳሱ ኳስ አይመስልም ነበር። እንቁላል መስሏል።

ጨርቁ ተጨማዶ ይሆናል ብላ በመዳፏ ዳበሰችው። አሁንም እንቁላል ነው። ሥሩ የተጻፉትን ፊደሎች አየች፤ ሁሉም ቀጫጭን ረጃጅም እግር አውጥተዋል፤ ቀለማቸውም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ከላይ ያለችው የአበባ ሥዕል አንገቷ ተስቦ ቀጭኔ ሆናለች።

ብዙነሽ መተርተሪያውን ጥላ ወደ አቤኔዘር ክፍል ሄደች። አቤኔዘርም በዚያው ቡድን ተጫውቷልና ያው ኳስ በእሱም ብርድ ልብስ ላይ አንድ ቦታ፣ በጂንሶች መካከል፣ ተሰፍቷል። ጎትታ አወጣችውና ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የወንድሟ ኳስ ክብ ነው። የእህቱ እንቁላል ነው።

ቀና ስትል በመስኮቱ በኩል በጓሮ በኩል ያለውን የዴኩን፣ የእንጨት በረንዳውን፣ አጥር አየች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠላት።

ብዙነሽ የልብስ ማድረቂያ ማሽኑን፣ ድራየሩን፣ አታምንም። ድራየር ልብስ ይበላል ትላለች። ጎረቤቶቿ ቅር ቢላቸውም የታጠበ ልብስ የምታሰጣው የዴኩ አጥር ላይ ነው። የአቤኔዘር ብርድ ልብስ ሲረጥብ እንደ በሬ ስለሚከብዳት እሱን ብቻ በግዷ ድራየር ውስጥ ትከታለች። የልዕልትን ግን፣ ቀላል ስለሆነ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ በአንድ ጫፉ ከአጥሩ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጣ ወደ ታች ትለቀዋለች። ፊቱ ቲሸርት፣ ጀርባው ለስላሳ ይሁን ብላ የመረጠችው የሚለጠጥ አንሶላ፣ መሐሉ ውኃ የጠጣ ጥጥ፤ በጋውን ሙሉ የራሱ ክብደት ወደ መሬት ሲስበው ከርሟል። ይህንን ያደረገችው ደግሞ "ሹራብ እርጥቡን አይሰቀልም፣ ይረዝማል" እያለች ደንበኛውን ሁሉ የምትመክረው ብዙነሽ ናት!

"ብርድ ልብሱ ነው ያደገው!" አለች ጮክ ብላ ባዶ ቤት ውስጥ። የስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች። ከዚያ ጋሽ ነጋ ትዝ አሏትና ሳቋን ቶሎ አቆመች። ይህ ነገር ሱቅ ከደረሰ እስከ ጡረታዋ አይተዋትም።

የተረተረችውን መልሳ ሰፋች። ባሱ ሲደርስ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ልዕልት፣ ነይ። ላሳይሽ የምፈልገው ነገር አለ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።"

"አውቃለሁ። የአቤኔዘር ነው።"

"የሱም አይደለም። የኔ ነው።"

ሁለቱን ብርድ ልብሶች አሳየቻት። ልዕልት ተንበርክካ ኳሱን አየች፣ እንቁላሉን አየች፣ በጣቷም ዙሪያቸውን ተከተለች። ብዙነሽ ስለ ውኃውና ስለ አጥሩ ነገረቻት።

"ሶ፣ እኔ ሳድግ እሱም እያደገ ነበር?"

"ከአንቺም ፈጥኖ።"

"ቺት አድርጓል!"

"አዎ። ቺት አድርጓል።"

"ማሚ" አለ አቤኔዘር በሩ ላይ ተደግፎ፣ ፊቱ እያበራ፣ "ይሄንን ለጋሽ ነጋ መንገር እችላለሁ?"

"ሞክር! የስድስት ጣቱን ቅጥያ አታያትም።"

ፊልጶስ ከሥራ ሲመለስ ቤተሰቡን ያገኘው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ብዙነሽ በገዛ እጇ ድራየር ውስጥ ከታዋለች። ልዕልት የድራየሩ መስኮት ፊት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አቤኔዘር ቅርጫት ገልብጦ ተቀምጦ እንደ ኳስ ጋዜጠኛ ድምፁን አጎርንኖ ያስተላልፋል፦ "እንቁላሉ ወደ ግራ ዞረ፤ ከላይ ወረደ፤ አሁንም እንቁላል ነው፣ ውድ ተመልካቾቻችን..."

"ተረተርሽው?" አላት ፊልጶስ በጆሮዋ።

"ዝም በል" አለችው። ሙቀቱ የቲሸርት ጨርቅን መልሶ እንደሚሰበስበው ታውቃለች። ግን ምን ያህል? ተሰብስቦስ ስንዝሩ እንዳለ ቢገኝ? ያን ጊዜ የሚላከክበት ነገር አይኖርም፤ አጥሩም ድራየሩም ከጥፋቱ ይወጡና ልጅቷ ብቻ ትቀራለች። ጠዋት ስስቅ ይህ አልታየኝም ነበር አለች በልቧ።

ማሽኑ ጮኸ። ብርድ ልብሱን ፊልጶስ ራሱ እንደ ትኩስ ዳቦ አቅፎ ወደ ሳሎን አመጣው። ሲዘረጉት አጭር መሰለ፤ ግን ዓይን ሊያታልል ይችላል። ልዕልት ካልሲዋን አውልቃ ተጋደመች።

"ይሞቃል" አለች። "ሁላችሁም ከዚህ ራቁ። ማንም እንዳይራመደኝ።"

ብዙነሽ ተንበረከከች። አውራ ጣቷን ከልጅቷ ተረከዝ ሥር ተከለችና እጇን ቀስ ብላ ዘረጋች። ትንሿ ጣቷ ጠርዙን አለፈችና ምንጣፉን ነካች።

እጇን አነሳች፤ ቦታውን ሳታምን እንደገና ለካች። አሁንም ምንጣፍ ነው። ከዚያ የጎደለውን በጣቷ ቆጠረች።

"ሦስት" አለች። ወደ ልጅቷ ቀና ብላም ደገመችው። "ሦስት ጣት!"

"የስ!" ልዕልት ከተኛችበት ሳትነሳ እጇንም እግሯንም ወደ ጣሪያው ወረወረች።

"ሪካውንት! እንደገና ይቆጠር!" አለ አቤኔዘር።

"አንተ ዝም በል፣ ረጅሙ!" አለ ፊልጶስ፤ ሚስቱንም ትከሻዋን ያዝ አድርጎ ከተንበረከከችበት አነሳት። ብዙነሽ ፊቷን ወደ ደረቱ አዙራ ትንሽ ቆየች።

"አሁን ስፊው" አለች ልዕልት። "ነገ እንቁጣጣሽ ነው።"

"እሺ። የጠበበሽን ልብስ አምጪ።"

ልዕልት ሮጣ ሄደች። ከክፍሏ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ቆይታ ባዶ እጇን ተመለሰች። "ምንም የለም።"

"እንዴት ምንም አይኖርም? ሦስት ጣት አድገሽ?"

"የጠበበኝ የለም። አንቺ የምትገዢልኝ ሁሉ ኮሌጅ ስገባ ነው ልኬ የሚሆነው።"

"እውነቷን ነው" አለ አቤኔዘር። "የኔም ጃኬት ውስጥ እኮ ገና እጄ አልተገኘም።"

ብዙነሽ ልጆች ያድጋሉ እያለች ሁልጊዜ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ትገዛለች፤ ዓመቱን ሙሉ የልዕልት ልብስ ስለ ቁመቷ አንድም ነገር ያልነገራት ለዚህ ነበር። ልዕልት እንደገና ጠፍታ፣ አምና የተገዛላትን አረንጓዴ ባለ ዳማ ቀሚስ ለብሳ ብቅ አለች። አምና ባቷ መሐል ይደርስ የነበረው አሁን ጉልበቷ ላይ ቆሟል፤ ትከሻውም ልክክ ብሏል።

"ከዚህ ቁረጪ።"

"ይሄማ ገና አሁን መልበስሽ ነው! የሚቆረጠው የጠበበ ነው።"

"እሱ እስኪጠበኝ ድረስ ልጠብቅ?"

ብዙነሽ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጠርዝ ገለበጠችው። ወደ ውስጥ የታጠፈው አራት ጣት ይሆናል፤ ራሷ ናት በእጇ የቀመቀመችው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተለቀቀ ሦስት ዓመት እንዲያስኬድ ያሰበችለት እጥፋት ነው። ከተቆረጠ ቀሚሱ ከእንግዲህ አይረዝምም። በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጎን ሳበችው፣ ወደ ታች ሳበችው፤ ጨርቁ ንቅንቅ አላለም። ፊልጶስ መቀሱን ከጠረጴዛው አንስቶ አቀበላት።

"ይሄን ከቆረጥኩት" አለች ልጅቷን ቀና ብላ እያየች፣ "የዛሬ ዓመት ምን ልትለብሺ ነው?"

"ልኬን" አለች ልዕልት፤ እናቷ ስትቆርጥ እንዳትሳሳትም ቀጥ ብላ ቆመች።